ዲስኩ ከመጥፋቱ በፊት ድራይቨሩ ይውጣ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ በቅርቡ የወጣውን፣ የቆየ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን እንደሚበጅ የሚመክረውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ምክሩ በመሠረቱ ትክክል ነው፤ እኔም በጥገና ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ተስፋ የተቆረጠባቸው ብዙ ማሽኖች በዚሁ መንገድ ነፍስ ሲዘሩ አይቻለሁ። ሆኖም ጽሑፉ ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ባክአፕ ስለማድረግ በሚገባ ካስረዳ በኋላ ስለ ድራይቨር «ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ ይጭነዋል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፉ ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። አባባሉ ለአዲስ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ዕድሜው አሥር ዓመት ላለፈ ማሽን ግን ባለቤቱን ችግር ላይ ሊጥለው ይችላል።

ድራይቨር ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከእያንዳንዱ የኮምፒውተሩ ክፍል ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው። ስክሪኑ በሙሉ ጥራቱ እንዲያሳይ፣ ድምፅ ማጉያው እንዲሰማ፣ ዋይፋዩ ኔትወርክ እንዲፈልግ፣ ላፕቶፑ ሲከደን እንዲተኛና ሲከፈት እንዲነቃ የሚያደርገው እርሱ ነው። ዊንዶውስ ብዙ ድራይቨሮችን ይዞ ይመጣል፤ የጎደለውንም ከኢንተርኔት ለማምጣት ይሞክራል። ጭንቁ የሚመጣው የጎደለው የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ሲሆን ነው፤ ድራይቨሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ያው ድራይቨር ያስፈልጋል።

ይህ በእኔው እጅ ስለደረሰ በዝርዝር ላቅርበው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት መምህርት ዊንዶውስ 7 የተጫነበትን የቆየ ላፕቶፓቸውን ወደ ዊንዶውስ 10 እንድቀይርላቸው አመጡልኝ። ሰነዶቻቸውን በሙሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጥሁ፣ አንድ በአንድም እየከፈትሁ አረጋገጥሁ፤ ከዚያም ፎርማት አድርጌ አዲሱን ሲስተም ጫንሁ። ጭነቱ ያለ እንከን ተጠናቀቀ። ስክሪኑ ሲመጣ ግን ፊደሎቹ ወፍረውና ወደ ጎን ተለጥጠው ነበር፤ ብርሃኑን የሚቀንሱት ቁልፎች አይሠሩም፤ የዋይፋይ ምልክቱ ሊኖር በሚገባው ቦታም ምንም የለም። የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲቫይስ ማናጀርን ስከፍት አምስት መስመሮች ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ይዘው ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹም ምንነታቸው ያልታወቀ ዕቃ ከመባል በቀር ስም የላቸውም። የኔትወርክ ኬብል መሰኪያው ቀድሞውኑ የተሰበረ ነበር። የሞዴል ቁጥሩን ለማንበብ ላፕቶፑን ብገለብጠው ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ከዓመታት መታሸት የተነሣ ተፍቆ ነጭ ሆኗል። በመጨረሻ ብሎኖቹን ፈትቼ፣ የጀርባ ክዳኑን አንሥቼ፣ ከአውራ ጣት ብዙም በማይበልጠው የዋይፋይ ካርድ ላይ የታተመውን ደቃቅ ጽሑፍ በባትሪ ብርሃን እያየሁ ቀዳሁት። የካርዱን ድራይቨር በሌላ ኮምፒውተር ፈልጌ እስካገኝ፣ የቀሩትም ተራ በተራ እስኪሟሉ ሁለት ቀን ፈጀ፤ መምህርቷ የፈተና ወረቀት ማዘጋጀት የነበረባቸውም በእነዚያው ሁለት ቀናት ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ ያን ያህል የለፋሁበት ፋይል ፎርማት ከማድረጌ ከአንድ ሰዓት በፊት በዚያው ዲስክ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራ የነበረ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ዲስክ ከማጥፋቴ በፊት ድራይቨሮቹን አወጣለሁ። በዊንዶውስ 10 ላይ «ዲዝም» እና «ፒኤንፒ ዩቲል» የሚባሉ፣ ከሲስተሙ ጋር አብረው የሚመጡ መሣሪያዎች አሉ፤ በአስተዳዳሪ ፈቃድ በሚከፈተው የትእዛዝ መስኮት ውስጥ በአንዲት መስመር ትእዛዝ ከውጭ የተጫኑትን ድራይቨሮች በሙሉ ወደ ፍላሽ ይገለብጣሉ። ዊንዶውስ 7 ላይ ይህ ትእዛዝ ስለሌለ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር፣ «ሲስተም 32» ውስጥ ካለው «ድራይቨር ስቶር»፣ «ፋይል ሪፖዚተሪ» የተባለውን ፎልደር እንዳለ መገልበጥ ያዋጣል። ኮምፒውተሩ አልነሣ ቢል እንኳ ዲስኩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ከፍላሽ በሚነሣ ሊኑክስ (በነፃ የሚገኝ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም)፣ ወይም ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት ይህንኑ ፎልደር ማዳን ይቻላል። አዲሱ ሲስተም ከተጫነ በኋላ ቢጫ ምልክት ያለበትን መስመር በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ድራይቨሩን ከፍላሹ እንዲፈልግ፣ በውስጡ ያሉትንም ፎልደሮች እንዲፈትሽ ማዘዝ ነው፤ የሚስማማውን ራሱ ለይቶ ያነሣል።

ነገር ግን ዊንዶውስ 7ም ሆነ 10 ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ ባለ 32 ቢት ድራይቨር በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ስለዚህ ከ32 ወደ 64 የሚሸጋገር ሰው ያወጣው ድራይቨር እንደማያገለግለው አውቆ ተስማሚውን አስቀድሞ ማውረድ ይኖርበታል። ለዊንዶውስ 7 የተሠራ ድራይቨር ደግሞ በዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ ጊዜ ቢሠራም ሁልጊዜ አይሠራምና፣ ቢያንስ የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር በአምራቹ ገጽ ላይ አረጋግጦ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ስሙ የማይታወቅ ዕቃም ቢሆን መለያ ቁጥር አለው። በዲቫይስ ማናጀር የዕቃውን ዝርዝር ከፍቶ «ሃርድዌር አይዲ» የሚለውን የመረጠ ሰው፣ አንዳንዴ ፊደል የሚቀላቀልባቸው፣ አራት አራት አሃዝ ያላቸው ሁለት ቁጥሮች ያገኛል፤ የመጀመሪያው አምራቹን፣ ሁለተኛው ዕቃውን ይለያል። አምራቹ 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ታዋቂ ፕሮሰሰር መጠሪያም ይኸው ቁጥር ነበር። 1002 ደግሞ ሌላው ፕሮሰሰር አምራች ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2006 የገዛው የግራፊክስ ካርድ አምራች፣ የኤቲአይ መለያ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው የካርዱን ትክክለኛ ስም በደቂቃ ውስጥ ያገኛል። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ የመምህርቷን ላፕቶፕ ብሎን ባልፈታሁ ነበር።

ጭነቱን ገና ከመነሻው የሚያስቆም የድራይቨር ጉድለትም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያደናግረውም ይኸኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ኤኤችሲአይ በተባለው አሠራር የተዘጋጀን፣ ሳታ በሚባለው መሰኪያ የሚገናኝ ዲስክ የሚያነብ ድራይቨር በውስጡ አልነበረውም፤ ጭነቱ ሲጀምር «ኤፍ 6» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ድራይቨሩን ከፍሎፒ ዲስክ መስጠት ግድ ነበር፤ ያለዚያ መጨረሻው ሰማያዊ ስክሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ደግሞ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ይዞ አልመጣም። የመጫኛው ገጽ ከመጣ በኋላ ማውሱና ኪቦርዱ ድንገት ሥራ የሚያቆሙት፣ ወይም ከፍላሽ የተነሣው መጫኛ የሲዲ ድራይቨር ጎድሏል ብሎ የሚገተረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። መልእክቱ ስለ ሲዲ ስለሚያወራ፣ በአጠገቡ ምንም ሲዲ የሌለው ሰው ፍላሹ የተበላሸ ወይም የወረደው ፋይል የጎደለ እየመሰለው ደጋግሞ ያዘጋጃል። ኮምፒውተሩ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ካለው ፍላሹን ወደዚያ ማዛወር ብቻውን ችግሩን ይፈታል፤ ከሌለው ድራይቨሩን አስቀድሞ በመጫኛው ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 3፣ ጥቁር የሆነው ዩኤስቢ 2 ነው።

ሲስተሙ ከገባ በኋላ ቅደም ተከተሉ ብዙ የሚያከራክር አይደለም፤ የኮምፒውተሩን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘው የማዘርቦርዱ ቺፕሴት ድራይቨር ይቀድማል፣ የኔትወርኩ፣ የግራፊክሱና የድምፁ ይከተላሉ። ለኔትወርኩ የሚሆን ከታጣም የስልክን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒውተሩ ማካፈል ዊንዶውስ 10 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል።

ሰው በዚህ ሁሉ ሲቸገር ወደሚቀርበው አቋራጭ ይሄዳል፤ አቋራጩ ደግሞ «ድራይቨሮችዎን ሁሉ በአንድ ጊዜ እናድሳለን» የሚሉት ፕሮግራሞች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያልተጠየቀ ማስታወቂያና የማይፈለግ ሶፍትዌር ይዘው ይገባሉ፤ አንዳንዶቹም ለዕቃው የማይስማማ ድራይቨር ጭነው የሚሠራውን ያበላሻሉ። ብዙ ድራይቨሮች የሚሠሩት በሲስተሙ እምብርት ውስጥ፣ ከተራ ፕሮግራም በላቀ ሥልጣን ስለሆነ፣ ምንጩ ያልታወቀ ድራይቨር መጫን ለማይታወቅ ሰው የቤትን ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ፣ ከኤክስፒ ቀጥሎ ከወጣው ከቪስታ ጀምሮ፣ በዚህ እምብርት የሚገቡ ድራይቨሮች ዲጂታል ፊርማ እንዲኖራቸው የሚያስገድደውም ለዚህ ነው። ያንን ቁጥጥር አጥፍታችሁ ጫኑ የሚል መመሪያ ያጋጠመው አንባቢ ፋይሉን ትቶ ሌላ ምንጭ እንዲፈልግ አጥብቄ እመክራለሁ።

ወደ ሊኑክስ መዞርም ለቆየ ማሽን ጥሩ አማራጭ ነው። አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከርነል ከሚባለው ከሊኑክስ እምብርት ጋር አብረው ስለሚመጡ በሌላው ሲስተም የተረሳ ዕቃ እዚያ ያለ ምንም ፍለጋ ሲሠራ ይታያል። ይሁንና አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ፈርምዌር የሚባል ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋሉ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን ይህን ፈርምዌር በመደበኛው መጫኛ ውስጥ ማካተት የጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ከወጣው 12ኛው እትም ወዲህ ነው። ብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ዲስኩ ሳይነካ ከፍላሽ ተነሥተው ስለሚሠሩ፣ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስክሪኑን ሞክሮ ማየትና ከዚያ በኋላ መወሰን ይቻላል።

ነገሩን አሁን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ገና ብዙ ማገልገል የሚችሉ ኮምፒውተሮች ከደጅ ቀርተዋል። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መመዝገቡን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ያሳተሙት ሪፖርት ያሳያል። ባለቤቶቻቸው ሌላ ሲስተም ሊጭኑባቸው ከሚሞክሩት ከእነዚህ ማሽኖች አንዱም ቢሆን በአንዲት ድራይቨር እጦት ወደዚያ ክምር ሊጨመር አይገባም። አምራቾች የቆዩ ሞዴሎችን ድራይቨር ከገጻቸው ላይ ሲያነሡ ደጋግሜ አይቻለሁ። የእነዚያ ፋይሎች ማስቀመጫ ከሚይዘው ቦታ ይልቅ የአንድ ኮምፒውተር ተጨማሪ አምስት ዓመት ይበልጣልና፣ ለሸጡት ዕቃ ቢያንስ የመጨረሻውን ድራይቨር በገጻቸው ላይ እንዲያቆዩ እጠይቃለሁ።

ከጥገና ባልደረቦቼ የምለምነው ደግሞ ለደንበኛው ኮምፒውተሩን ሲመልሱ የማሽኑን ድራይቨሮች የያዘ፣ የሞዴሉ ስምና የተወሰደበት ቀን የተጻፈበት ፎልደር በፍላሽ አብረው እንዲሰጡ ነው። የተከበሩ አዘጋጅ፣ የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁም በሚቀጥለው እትሙ ድራይቨር ማውጣትን ከሰነድ ባክአፕ ቀጥሎ፣ ከፎርማት በፊት የሚሠራ ሥራ አድርጎ እርማት ቢያወጣ፣ ያንን ጽሑፍ ቆርጠው ያስቀመጡ አንባቢዎች ሳይረፍድባቸው ይደርስላቸዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ