እማዬ፣ ተኩስ አለው ብለሽ እንዳታዘጊው

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ብርዱ በርትቷል ብለሽኝ ነበር። የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ አድርጊው እንጂ ለእንግዳ ብለሽ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጪው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የዱባይ ሙቀትም ቀነስ ብሏል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ልጅ አንድ ፍላሽም ትሰጥሻለች። ውስጡ «ሾሌ» የሚባል የህንድ ፊልም አለ። ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩልሽ። ተኩስ እንዳለው አስቀድሜ ልንገርሽ። ሽፍታ አለ፣ ባቡር ላይ ውጊያ አለ፣ የፈረስ ግልቢያ አለ። አንቺ ደግሞ ጠመንጃ ገና ብቅ ሲል «ዝጉልኝ ይሄን» ትያለሽ። ይሄን ግን አደራ፣ እንዳታዘጊው። ሳቁም ፍቅሩም ሞልቶ ተርፏል። አባዬ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ለተኩሱ አንቺ ለፍቅሩ ብላችሁ ሳትጣሉ የምታዩት ፊልም ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

ያሳየችኝ አብራኝ የምትሠራ የሙምባይ ልጅ ናት። ንግግሩን ከተዋናዮቹ ቀድማ በቃሏ ትወጣዋለች። ፊልሙ የወጣው በ1975 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 1967። ጃንሆይ ያረፉበት ወር፤ መቼም አትረሺውም። መጀመሪያ ሰሞን ጋዜጦቹ አጣጥለውት ነበር፣ ገበያውም ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ያየው ላላየው እያወራ፣ ቦምቤይ ውስጥ ሚነርቫ በሚባል ሲኒማ ቤት ከ5 ዓመት በላይ ሳይወርድ ታየ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታኩር የሚባሉ የቀድሞ ፖሊስ አሉ። ጋባር ሲንግ የሚባል ሽፍታ መንደራቸውን አስጨንቋል። እሳቸው ታዲያ ሁለት ሌቦች ይቀጥራሉ! ጃይና ቪሩ ይባላሉ፣ የማይነጣጠሉ ጓደኛሞች ናቸው። ሽፍታውን ከነሕይወቱ ያዙልኝ ይሏቸዋል። ለምን ከነሕይወቱ እንደሆነ አልነግርሽም። ብቻ ታኩር ከትከሻቸው የማያወርዱትን ያን ልብስ ልብ በይ። ጃይም መወሰን ሲያቅተው ሳንቲም ይወረውራል፤ ያቺንም ሳንቲም አትርሺያት።

ቪሩ ባሳንቲ የምትባል ጋሪ ነጂ ይወዳል። ወሬዋን ብትሰሚ! «እኔ እንኳ ብዙ ማውራት አልወድም» ትልና ትንፋሽ ሳትወስድ ትቀጥላለች። እዚያ ሰፈራችን የምናውቃትን ሴትዮ ታስታውስሻለች፤ ስሟን አልጽፍም፣ ደብዳቤውን ታነበው ይሆናል።

ሂንዲ አላውቅም ብለሽ አትስጊ። አንድም ቃል ሳትሰሚ ሲኒማ ራስ ገብተሽ አልቅሰሽ የወጣሽ ሰው ነሽ። አንድ ቦታ ግን ንግግሩ ካልገባሽ ይቆጨኛል፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፍልሽ። ቪሩ ባሳንቲን ለማግባት ጃይን ሽማግሌ አድርጎ ወደ አክስቷ ይልከዋል። እኛ ጋ ቢሆን ሦስት ሽማግሌ ጋቢውን ደርቦ፣ «ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም» ብሎ፣ ልጁን ሰማይ ይሰቅለዋል። ጃይ ብቻውን ሄዶ ዘና ብሎ ይቀመጣል። አክስቲቱ ስለ ገቢው ይጠይቃሉ። ትዳር ከያዘ ገቢ መቼም አይጠፋም ይላቸዋል። አሁን አያገኝም እንዴ? ያገኛል እንጂ፣ ግን ቁማር ሁልጊዜ አይበላም። ቁማርተኛ ነው? ኧረ በጭራሽ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሞቅ ሲለው ነው እንጂ። ይጠጣል ማለት ነው? እንዲህ እንዲህ እያለ ጓደኛውን ጉድጓድ ይከተዋል። ዘሩስ ከማን ነው ሲባል፣ እንዳወቅን ወዲያው እናሳውቅዎታለን! ይሄን ሁሉ ሲል ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። እኔ ከሶፋው ልወድቅ ነበር። ሽምግልናው ሲከሽፍ ቪሩ ጠጥቶ የውኃ ታንከር ላይ ይወጣና «ካልዳራችሁኝ እዘላለሁ» እያለ መንደሩን ያተራምሳል።

የጃይ ፍቅር ደግሞ ሌላ ነው። ራድሃ የታኩር ምራት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ነጭ ለባሽ። ማታ ማታ በረንዳው ላይ ከፋኖሶቹ ጋር ትታያለች። እሱ ማዶ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይነፋል። በቃ፣ ይሄው ነው። አይነካኩም፣ ብዙም አያወሩም። አንቺ የምትወጂው ዓይነት። የሚገርምሽ፣ እነዚህ ተራርቀው የሚተያዩት አሚታብ ባቻንና ጃያ በእውኑ ዓለም በፈረንጆቹ 1973 የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው። ቪሩና ባሳንቲን የሠሩት ዳርሜንድራና ሄማ ማሊኒም በ1980 ተጋብተዋል።

አሁን የሚወጡትን የአክሽን ፊልሞች እዚህ አያለሁ። መኪና ይገለበጣል፣ ሕንፃ ይፈርሳል፣ እኔ ስልኬን እነካካለሁ። ማን እንደሞተም አላውቅ። እዚህ ግን ጋባር ቪሩን አስሮ፣ ባሳንቲን በጠራራ ፀሐይ ስባሪ ጠርሙስ ላይ ያስጨፍራታል። ካቆመች ቪሩ ይገደላል። አስቀድማ ያን ያህል ያሳቀችኝ ልጅ ስለሆነች ነው መሰለኝ፣ ትራሱን ጨምቄ ነበር ያየሁት። ሳቁ ባይቀድም ኖሮ ያ ትዕይንት እንዲህ አያመኝም ነበር። መጨረሻው ላይ ምን እንደሚሆን አልናገርም። ነጠላሽ አጠገብሽ ይሁን ብቻ።

ፊልሙ ከ3 ሰዓት ያልፋል። አቦል ላይ ብትጀምሪው በረካም አይጨርሰው። የደም ግፊት መድኃኒትሽን ሳትውጪ እንዳትጀምሪ፣ ከመሃል አትነሺምና። ጎረቤቶቹንም ጥሪያቸው፤ የሽምግልናውን ቦታ ግን አንቺው አስረጃቸው። ስትጨርሺ ደውይልኝ። ከሁለቱ ለልጅሽ ማንን ትመርጫለሽ፣ ጃይን ወይስ ቪሩን? «ሁለቱም ሌቦች ናቸው» እንዳትዪኝ ደግሞ።

ልጅሽ
ከዱባይ