የቶም ሮቢንሰን ርኅራኄ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ሃርፐር ሊ ልብ ወለድ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ጠበቃውን አቲከስ ፊንችን የፍትሕ አርአያ አድርገው ማቅረባቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ነጭ ሴት አስገድደህ ደፍረሃል ተብሎ በሐሰት ስለተከሰሰው ጥቁር ሠራተኛ፣ ስለ ቶም ሮቢንሰን፣ ከአንድ መስመር ያለፈ ነገር አለመጻፋቸው አሳዝኖኛል።

የችሎቱን ምዕራፎች ልብ ብሎ ላነበበ ሰው ማስረጃው ግልጽ ነው። ተደፈርኩ ያለችው ነጭ ሴት ማየላ ይበልጥ የተጎዳችው በቀኝ ፊቷ በኩል በመሆኑ ደብዳቢዋ ግራኝ ሳይሆን አይቀርም፤ የቶም ግራ እጅ ደግሞ በልጅነቱ በጥጥ መዳመጫ መኪና ተይዞ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ይህ ሁሉ እያለ በችሎቱ የተቀመጡትን ነጮች ያስከፋቸው፣ ያለ ክፍያ ለምን ይረዳት እንደነበር ዐቃቤ ሕጉ ሲጠይቀው፣ ስላዘነላት መሆኑን መናገሩ ነው። በ1930ዎቹ አላባማ አንድ ጥቁር ለነጭ ሴት፣ ያውም በድህነትና በአባቷ ጭካኔ ለምትማቅቅ ሴት፣ ማዘኑ ራሱ እንደ ድፍረት ተቆጠረበት። ሌላውን የሚያስመሰግነው ርኅራኄ እሱን አስወነጀለው፤ በእኔ እምነት የመጽሐፉ ከባዱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1960 ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ይሁንና ታሪኩ በነጭ ሕፃን ዓይን የሚተረክ በመሆኑ የቶምን ሚስት የሄለንን መከራ የምናየው ከሩቅ ነው። የጥቁሮቹ ምእመናን አሥር ዶላር እስኪሞላ የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ ለእሷ የሚያዋጡበት ክፍል አጭር ቢሆንም ብዙ ይናገራልና፣ በቀጣይ እትማችሁ እንድትመለሱበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ