ኒኮዲመስን ያራቆታት ድርቅ ብቻ አይደለም

ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ስለምትገኘው ኒኮዲመስ ከተማ ያወጣችሁት ጽሑፍ የነዋሪዎቿን ቁጥር መመናመን ከድርቅ ጋር ብቻ ማያያዙ ታሪኩን ያጎድለዋል። ድርቁ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከተማዋን ክፉኛ የጎዳት የባቡር ሐዲዱ ሳይነካት ማለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 በአብዛኛው ከኬንታኪ የመጡ፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁር ቤተሰቦች እንጨት በማይገኝበት በዚያ ሜዳ መሬቱን ፈልፍለው ጎጆ አደረጉት። በ10 ዓመት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሱቆች ያቋቋሙት እነዚሁ ሰዎች፣ ሐዲዱን ወደ መንደራቸው ለመሳብ በ1887 ወደ 16,000 ዶላር የሚጠጋ ቦንድ እንዲወጣ በድምፃቸው ወሰኑ። በ1888 ግን ሐዲዱ ከሰሎሞን ወንዝ በስተደቡብ ተዘረጋ፤ በሐዲዱ ዳር ቦግ የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፤ ነጋዴዎቹም ሱቃቸውን ነቅለው ወንዙን ተሻገሩ። ገበያ ከሄደ ሰው ይከተለዋል።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 14 ነዋሪ ብቻ ስለተመዘገበ ከተማዋን «የሞተች» ማለታችሁም ተገቢ አይመስለኝም። ቆጠራ የሚመዘግበው በቦታው የሚያድረውን ሰው እንጂ፣ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከባርነት ነጻ የመውጣትን በዓል ለማክበር ከሩቅ ግዛቶች የሚሰበሰበውን የመሥራቾቹን ልጅ ልጅ አይደለም። ቦታው በ1996 ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበውም ለዚህ ታሪኩ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ወንዙን፣ ሐዲዱንና ሁለቱን ከተሞች የሚያሳይ ካርታ፣ ከጎኑም በየ10 ዓመቱ የተቆጠረውን የሁለቱንም ሕዝብ ብዛት እንድታትሙ እጠይቃለሁ።