ካርታውንም አብራችሁ አትሙልን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። አዲስ የማዕድን ፕሮጀክት ሊጀመር ነው የሚል ዜና ስታወጡ ሁሌ የማገኘው ሦስት ነገር ነው። ስንት ቶን እንደሚወጣ፣ ስንት ገንዘብ እንደሚወጣበት፣ ስንት ሰው ሥራ እንደሚያገኝ። ፎቶው ደግሞ ውል ሲፈረም ነው። ዜናውን እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ቆሻሻው የት እንደሚቀመጥ እፈልጋለሁ፣ የለም። ማዕድኑ ሲያልቅ ቦታውን ማን እንደሚያጸዳ እፈልጋለሁ፣ እሱም የለም። ከሥሩ ማን እንደሚኖር፣ የማንን ውሃ እንደሚነካ፣ ሰዎቹ እሺ ይበሉ እምቢ ይበሉ አንድ መስመር አይገኝም።

እኔ ማዕድን አይውጣ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት ስልክ ውስጥ መዳብ አለ፣ ወርቅ አለ፣ ኮባልት አለ። መብራት የሚያመጣልን ሽቦም ከመሬት የወጣ ነው። ግን በማዕድን ሥራ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚወሰነው ገና ነገሩ ወረቀት ላይ እያለ ነው። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ግድብ የት ይቁም? በምን ዓይነት አሠራር ይሠራ? የማጽጃው ገንዘብ ማን ጋ ይቀመጥ? ማን ይጠየቅ? ይሄ ሁሉ አልቆ ፈቃዱ ከተፈረመ በኋላ የሚመጣው ጩኸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቆሻሻው ላንሳ፤ ምክንያቱም ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከአንድ ቶን የወርቅ ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ግራም ወርቅ ነው፣ አንዳንዴ ከአንድ ግራምም ያነሰ። ዛሬ በሚቆፈረው የመዳብ ድንጋይ ውስጥም ያለው መዳብ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የቀረው ሁሉ ተፈጭቶ፣ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ፣ ጭቃ ሆኖ አንድ ቦታ መከማቸት አለበት። ዝቃጭ የሚባለው ይሄ ነው። የማዕድን ኩባንያ ከማዕድን አምራችነቱ ይልቅ የቆሻሻ ጠባቂነቱ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ብራዚል ውስጥ ብሩማዲኞ የሚባል ቦታ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጃንዋሪ 25 ቀን 2019፣ እኩለ ቀን ካለፈ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ቫሌ የተባለው ኩባንያ የብረት ማዕድን ዝቃጭ ያጠራቀመበት ግድብ ተደረመሰ። የምሳ ሰዓት ነበር። የሠራተኞቹ ምግብ ቤትና የአስተዳደር ቢሮው ደግሞ የተሠሩት ከግድቡ ሥር፣ ልክ ጭቃው በሚወርድበት አቅጣጫ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሳይረን አልጮኸም። 270 ሰው ሞተ። ቤተሰቦቻቸው 272 ነው የሚሉት፤ ከሞቱት ሴቶች ሁለቱ ነፍሰ ጡር ስለነበሩ ጽንሶቹንም ይቆጥራሉ። ግድቡ በዚያን ጊዜ አዲስ ዝቃጭ መቀበል ያቆመ ነበር፣ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም አስተማማኝ ነው የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር።

እኔ ደጋግሜ የማስበው ያንን ምግብ ቤት ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ምግብ ቤቱ እዚህ ይሁን ብሎ ምልክት አድርጓል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ጣቱን ካርታው ላይ አስቀምጦ «ይሄ ግድብ ቢናድ ጭቃው በየት በኩል ነው የሚወርደው?» ብሎ አጥብቆ ቢጠይቅ ኖሮ ሕንፃው ሌላ ቦታ ይሠራ ነበር።

ሲያሳዝን፣ ይሄ አደጋ የደረሰው ከሌላው በኋላ ነው። በዚያው ክፍለ ግዛት በ2015 የማሪያና ግድብ ፈርሶ 19 ሰው ሞቶ ነበር፤ ጭቃው በዶሴ ወንዝ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አትላንቲክ ውቅያኖስ ገባ። ከግድቡ በታች ቤንቶ ሮድሪጌስ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ሳይረን የሚባል ነገር አልነበራትም። አንዲት ሴት ሞተር ብስክሌቷን አስነስታ በየመንገዱ እየጮኸች ሰዉን አስወጣች። የብዙ ሰው ሕይወት የተረፈው በእሷ ነው። በአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ዕቅድ ውስጥ ማስጠንቀቂያ የሚባለው ነገር በአንዲት ሴት ድፍረት ላይ ሲወድቅ ምን ይባላል?

ሁለቱም ግድቦች የተሠሩበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ግድቡ ከፍ እንዲል ሲፈለግ አዲሱ እርከን የሚቆመው ቀድሞ በተጠራቀመው ዝቃጭ ላይ ነው። ርካሽ ነው፣ ብዙ አፈርና ድንጋይ አይጠይቅም። ታዲያ ያ ዝቃጭ ውሃ ጠግቦ ድንገት እንደ ፈሳሽ ከሆነ ከላይ ያለው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ይሄ አዲስ ግኝት መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። ቺሊ ውስጥ በ1965 በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ኤል ኮብሬ ላይ የዝቃጭ ግድብ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ አገሪቱ በ1970 ይህን አሠራር ከለከለች። ብራዚል የከለከለችው ከብሩማዲኞ በኋላ ነው። በመካከሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለ። ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አያያዝ መመዘኛ የወጣውም በ2020 ነው። እሱን የሚፈጽም ኩባንያ ጥሩ ነው፣ ግን የሚፈጽም መሆኑን ፈቃድ ሰጪው አስቀድሞ ካልጠየቀው ማን ይጠይቀው?

ውሃውም ቢሆን ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ብዙ ማዕድን ያለበት ድንጋይ ውስጥ ድኝ የተቀላቀለበት ብረት፣ ፒራይት የሚሉት፣ ይገኛል። መሬት ውስጥ ተዳፍኖ እስካለ ድረስ ምንም አይልም። ተቆፍሮ አየርና ዝናብ ሲያገኘው ግን አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ ደግሞ ከድንጋዩ ውስጥ ከባድ ብረቶችን እያሟሟ ወደ ወንዝና ወደ ጉድጓድ ይዞ ይወርዳል። አንዴ ከጀመረ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ድንጋዩ አሲድ የሚያወጣ መሆን አለመሆኑ ከቁፋሮው በፊት ላቦራቶሪ ውስጥ መታወቅ አለበት። የአካባቢው ውሃም ከቁፋሮው በፊት መለካት አለበት፣ ያውም አንድ ቀን ተሄዶ በአንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ሳይሆን ክረምትም በጋም፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ። ናሙናው በሁለት ጠርሙስ ይቀዳ። አንዱ ለኩባንያው፣ አንዱ ነዋሪው ለሚያምነው ሌላ ላቦራቶሪ። ቀኑና የጉድጓዱ ስም ይጻፍበት፣ ውጤቱም በሰዉ ቋንቋ ይለጠፍ። ይሄ ካልተደረገ ከአሥር ዓመት በኋላ ከብቶች ሲሞቱና ልጆች ሲታመሙ ኩባንያው «ውሃው ድሮም እንዲህ ነበር» ይላል፤ ነዋሪው ደግሞ ማስረጃ የለውም። በቃ፣ ክርክሩ እዚያው ላይ ያልቃል።

ስለ መዘጋቱም ልበል። ካናዳ ውስጥ ይሎናይፍ ከተማ አጠገብ ጃያንት የሚባል የወርቅ ማዕድን ነበር። ከ1948 እስከ 2004 ሠርቷል። እዚያ ወርቁን ለማውጣት ድንጋዩ ይቃጠል ነበር፣ ሲቃጠል ደግሞ አርሴኒክ ያለበት ብናኝ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብናኙ ዝም ብሎ በጭስ ማውጫው ይወጣና በረዶው ላይ ያርፍ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ዴኔዎች፣ የሚጠጡት ያንን በረዶ አቅልጠው ነው። በ1951 አንድ ሕፃን በመርዙ ሞተ። በኋላ ብናኙ እየተያዘ መሬት ውስጥ ይከተት ጀመር። ዛሬ ከመሬት በታች ያለው 237,000 ቶን የአርሴኒክ ዱቄት ነው። ውሃ ካገኘው ይሟሟል። ያንን ለመከላከል ዙሪያው ያለው ድንጋይ በረዶ ሆኖ እንዲቆይ እየተደረገ ነው፣ እስከ መቼ ለሚለው ማብቂያ የለውም። በወቅቱ ባለቤቱ የነበረው ኩባንያ በ1999 ከሰረ። የጽዳቱ ወጪ ከ4 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ተገምቷል፤ የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነው።

አያችሁ፣ ወርቁ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ማዕድን ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ትልቁ ኩባንያ ለትንሽ ኩባንያ ይሸጠዋል፣ ትንሹ ይከስራል፣ ጉድጓዱ ለመንግሥት ይቀራል። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። የመዝጊያው ሙሉ ወጪ ከኩባንያው ውጭ ባለ ሰው ይገመት፣ ገንዘቡ ወይም የባንክ ዋስትናው ቁፋሮ ሳይጀመር ይያዝ፣ ሥራው በሰፋ ቁጥር ማስያዣውም ይጨመር። «እኛ ትልቅ ኩባንያ ነን፣ እመኑን» የሚል ደብዳቤ ማስያዣ አይሆንም። ይህን ማስያዝ ያልቻለ ፕሮጀክት አትራፊ የሚመስለው ኪሳራውን ሌላ ሰው ላይ ስለጣለ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ሰውን መጠየቅ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚደረገው አንድ ስብሰባ ነው። ብዙ መቶ ገጽ ያለው ጥናት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሰዉ በማይናገረው ቋንቋ የተጻፈ። ከፊት ወንዶች ይቀመጣሉ። ውሃ የምትቀዳው ሴት፣ ማለትም ወንዙ ሲቀየር መጀመሪያ የምታውቀው ሰው፣ ከኋላ ቆማለች ወይም ጭራሽ አልመጣችም። የስም መፈረሚያ ወረቀት ይዞራል፣ ያ ፊርማ በኋላ «ሕዝቡ ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል። እንዴ! መገኘት መስማማት ነው እንዴ? የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ በ2007 ሲወጣ የተጻፈው ሌላ ነው። ሰዎቹ ያለ ጫና፣ ከሥራው በፊት፣ ሙሉ መረጃ አግኝተው ይፍቀዱ ነው የሚለው። እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ ደግሞ ጥያቄ አይደለም።

ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ፣ ቡገንቪል ደሴት ላይ የሆነውን እዩ። በብዙው የደሴቲቱ ክፍል መሬት የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። በ1969 ለፓንጉና የመዳብ ማዕድን መሬት ሲለካ ሮሮቫና የምትባል መንደር ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው ተቃወሙ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰባቸው። ማዕድኑ በ1972 ሥራ ጀመረ፣ ዝቃጩ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይለቀቅ ነበር። በ1989 በአመፅ ተዘጋ፤ ተከትሎት የመጣው ጦርነት ወደ አሥር ዓመት ቆየ። ያንን ሁሉ ሰው የፈጀ ጠብ ዘሩ የተዘራው ቅየሳው ላይ ነው።

የጁካን ገደል ታሪክ ደግሞ ልቤን ይበላኛል። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ሰው ለ46,000 ዓመታት ገደማ ሲጠለልባቸው የነበሩ የድንጋይ ዋሻዎች ናቸው። በ2014 በተደረገ ቁፋሮ ከተገኙት ቅርሶች አንዱ ከሰው ፀጉር የተጎነጎነ ነገር ነበር። ዕድሜው 4,000 ዓመት ገደማ ነው። ፀጉሩ ሲመረመር ዛሬ ካሉት የመሬቱ ነባር ባለቤቶች ጋር ዝምድና እንዳለው ታወቀ። የአያቶቻቸው ፀጉር ማለት ነው። ግን የማፍረሻው ፈቃድ በ2013 ተሰጥቶ ነበር፣ ሕጉም አዲስ ነገር ተገኝቷልና እንደገና ይታይ ለማለት በር አልነበረውም። በሜይ 2020 ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ ዋሻዎቹን በፈንጂ አፈረሳቸው። በኋላ በፓርላማ ምርመራ የወጣው ነገር ነው የባሰው። ኩባንያው አራት የጉድጓድ አማራጮች ነበሩት። ሦስቱ ዋሻዎቹን አይነኩም ነበር። አራተኛው የተመረጠው ወደ 8 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ተጨማሪ የብረት ድንጋይ ስለሚያስገኝ ነው። ባለቤቶቹ ሌሎቹ ሦስት አማራጮች መኖራቸውን አልተነገራቸውም ነበር። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚና ሁለት ኃላፊዎች በዚሁ ምክንያት ከሥራ ለቀቁ። ዋሻው ግን ተመልሶ አይቆምም።

ለዚህ ነው ሰው ሲጠየቅ አማራጮቹ ሁሉ ፊቱ ይቅረቡለት የምለው። አንድ ዕቅድ ይዞ መጥቶ «ምን ይመስላችኋል?» ማለት ማስተዋወቅ ነው። ካሳም ቢሆን ቤትና ዛፍ ተቆጥሮ የሚያልቅ መሆን የለበትም። የሚቀርበት ምንጭ፣ የሚያቋርጠው መንገድ፣ የመቃብር ቦታው ሁሉ ይታሰብ። የሚነሳው ሰው የሚሄድበት መሬት ከመነሳቱ በፊት ተዘጋጅቶ በዓይኑ ይየው። ሥራ ይፈጠራል የሚባለውም በዝርዝር ይነገር፤ ለግንባታ የሚቀጠረው ሰው ብዙ ነው፣ ግንባታው ሲያልቅ የሚቀረው ግን በጣም ያነሰ ነው። ቁጥሩ የትኛው እንደሆነ ወጣቱ ማወቅ አለበት።

አዘጋጅ ሆይ፣ እናንተን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ የማዕድን ፈቃድ ሊሰጥ ነው የሚል ዜና ሲመጣላችሁ ከመግለጫው ጋር ካርታ ጠይቁ። ጉድጓዱ የት ነው፣ የዝቃጩ ግድብ የት ነው፣ ወንዙ ወደየት ይወርዳል፣ ከግድቡ በታች ስንት ቤት አለ፣ ትምህርት ቤቱ የት ነው፣ ሠራተኛው ምሳ የሚበላው የት ነው። ሌሎች አማራጮች ከነበሩ እነሱንም። ከዚያ ፎቶው ይቅርና ካርታውን አትሙልን። አልሰጥም ካሉም «ጠይቀን አልሰጡንም» ብላችሁ ጻፉት፤ እኛ አንባቢዎቹ እናነበዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ