ያየሽው ዓሣ ነባሪ አይደለም

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቪዲዮሽ የተከፈተልኝ ትናንት ማታ ነው፤ የመካነ ሰላምን ኔትወርክ ታውቂዋለሽ። ቶናው ላይ ደርሼ ነበር፤ ሲኒዬን አስቀምጬ አምስቴ አየሁት።

መጀመሪያ ላርምሽ፣ አስተማሪነቴ መቼም አይለቀኝ። «ዓሣ ነባሪ አየሁ» ብለሽ ጽፈሻል። አይደለም። ጅራቱን እዪው፣ ግራና ቀኝ ነው የሚያወዛውዘው። ዓሣ ነባሪ ጅራቱን ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚመታው፤ ለመተንፈስ ብቅ ይላል፣ ግልገሉንም ያጠባል። ያንቺው በስንጥብ የሚተነፍስ ዓሣ ነው፤ ዌል ሻርክ ይሉታል፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ። ሻርክ አልኩ ብለሽ ደግሞ አትደንግጪ፤ ምግቡ ፕላንክተን የሚሉት ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ፍጥረትና ጥቃቅን ነገር ነው፣ ውሃውን በአፉ እየሳበ ያጠልለዋል። በዚህ ወቅት እናንተ ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ አካባቢ የሚሰበሰቡት አብዛኞቹ ገና ጎረምሶች ናቸው። የጀርባቸው ነጠብጣብ እንደ እኛ የጣት አሻራ ነው፤ አጥኚዎች በዚያ ይለዩዋቸዋል።

አሁን ያልወደድኩትን ልንገርሽ። ጀልባው ይከተለዋል፣ ሰው ከፊቱ ዘሎ ይገባል፣ እሱም ወደ ታች ይጠፋል። አንቺ ደግሞ «ዓይናፋር ነው» ትያለሽ። እንዴ! እንጀራሽን እየበላሽ አስር ሰው ሞሰብሽ ላይ ቢዘል አንቺስ አትነሺም?

ባልፈርድብሽ ይሻላል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። አምና ተማሪዎች ይዤ ደንቆሮ ጫካ ወጣሁ (ስሙን በጠራሁ ቁጥር ይስቃሉ፣ ምን ላድርግ)። ውርጩ ሳይለቅ ሳሩ ላይ ተቀመጥን። «ማንም እንዳይነሳ» ብዬ አስጠንቅቄያለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ እየወጡ ፀሐይ ሞቁ፣ ከዚያ ግጦሽ ጀመሩ። በቂጣቸው እየተንፏቀቁ፣ በሁለት እጃቸው ሳር እየነጩ፣ ልክ ጎመን እንደሚቀነጥሱ ሴቶች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይ ቀበሮ መጣና መሃላቸው ገባ። ውሻ ቢሆን ሁሉም ገደል ይወርዱ ነበር፤ እሱን ግን ቀና ብሎ ያየው የለም። እሱም ያውቅበታል፤ አይሮጥም፣ ግልገላቸውን አይነካም፣ አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ አይጥ ይፈልጋል። መንዝ ጓሳ ላይ ያጠኑ ሰዎች በ2015 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ይሳካለታል፤ ጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን ግን 67። ሳሩን ሲያምሱት አይጧ ትወጣለች ይሁን፣ ወይስ እነሱን ተከልሎ ነው፣ ገና ያከራክራል።

ቀበሮው ጆሮውን ወደ አንድ ጉድጓድ አቅንቶ፣ የፊት እግሩን አንስቶ ደርቆ ቀረ። እኔ ጉደኛዋ ስልኬን ይዤ ብድግ! ነጠላዬ በነፋስ ተርገበገበ፣ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጮኸ፣ መንጋው ወደ ገደሉ ነጎደ። ቀበሮው ዞር ብሎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ። ፎቶው ላይ የወጣው ቂጡ ብቻ ነው። አዋቂው በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ እንስሳ ላይ ቁርሱን አበላሸሁበት። «ቲቸር፣ እንዳትነሱ ብለውን አልነበር?» አሉኝ፤ ምን እመልሳለሁ?

የዛሬ ሳምንት ዓርብ ስትወጪ ባለጀልባውን ሞተሩን ራቅ ብሎ እንዲያጠፋ ለምኚው። እምቢ ካለ ውሃው ውስጥ አትግቢ፣ ከላይ ሆነሽ እዪ። ደብተር ያዢ፣ ሰዓቱን ጻፊ። አንዳንዴ ጅራቱን ወደ ታች አድርጎ፣ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል ይባላል፤ ምግቡ የበዛበት ቦታ እንደዚያ ያደርጋል። ካየሽው ስንቴ እንደሚስብ ቁጠሪልኝ፣ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

በርበሬና በሶ ሐሙስ በሚመጣው መኪና ልኬልሻለሁ። ከበሶው ለባለጀልባው ቀንሽለት፣ ሞተር ለማስጠፋት ይረዳሻል።

እማ