የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ አንዲት ግራር፣ የሃይላንድ ጠርሙስና የደንገጎ ዳገት

ክበባችን ሌላ ጊዜ ችግኝ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሳል፤ በጋ ሲገባ ችግኙን የሚያስታውሰው የለም። ዘንድሮ አንድም አልተከልንም። «ታዲያ ምን ስትሠሩ ከረማችሁ?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስንቆጥር ነው የከረምነው።

ነገሩን ያመጣው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ጥብቅ ደን ከሆነና ማንም ካልቆረጠው ምኑ ይለወጣል?» አለኝ። መጥረቢያውን ዘበኛ ይመልሰዋል እንበል። ሙቀቱንና የዝናቡን መዛባት ግን ማን ይመልሳል? ከትልቁ ደን በፊት አንድ ዛፍ እንይ ብለን በግቢያችን ጥግ ያለችውን ግራር መረጥን።

የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠን፣ ጎኑ ላይ በማስመሪያ ሚሊሜትር ምልክት አድርገን የዝናብ መለኪያ ሠራን። ታቹ ጎርበጥ ስለሚል ጠጠር ጨመርንና እስከ ዜሮው መስመር ውሃ ሞላን። ተረኛው በየጠዋቱ ያነባል፣ ግራሯንም አይቶ ይጽፋል።

መጋቢት ላይ አንድ ሰኞ ተረኛዋ «41 ሚሊሜትር» ብላ መዘገበች። ቅዳሜና እሁድ ጠብ ያለ ነገር የለም! ለካ ጥበቃው አበባ ሲያጠጡ አይተውት ኖሯል። «ጎድሎ መስሎኝ ሞላሁላችሁ» አሉ። ቁጥሩን በአንድ መስመር ሰረዝን፤ ምክንያቱን ጎኑ ጻፍን። ገጹ ይቀደድ ያሉ ነበሩ፣ እምቢ አልኩ።

የምሩ ዝናብ ሚያዝያ ላይ መጣ። ግራሯ ወዲያው አልለመለመችም። በ9ኛው ቀን ቅርንጫፏ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክል አረንጓዴ ነገር ታየ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ቅጠል ሆነ። ከአጥሩ ውጭ፣ አሸዋው ዳር ያለው ፕሮሶፒስ የሚባል መጤ ዛፍ ግን ዝናብ መጣ ቀረ ግድ አልሰጠውም። ሥሩ ጠልቆ የከርሰ ምድር ውሃ ስለሚደርስ በድርቅ ሳይቀር አረንጓዴ ነው። አገሩ ላቲን አሜሪካ ነው፤ እዚህ ግን የግጦሽ መሬት እየወረረ አርብቶ አደሩን አስመርሯል።

ይህን ካየን በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ገብተን የሳተላይት ምስል ከፈትን። ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ያነሳሉ፤ ከ2008 ወዲህ ምስሉ በነፃ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይወስዳል፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ መልሶ ይረጫል። ከሁለቱ ልዩነት አንድ ቁጥር ይሰላል። ወደ 1 በተጠጋ ቁጥር ልምላሜው በረታ ማለት ነው። በዚህ ቁጥር የአንድን ደን የብዙ ዓመት ልምላሜ ከዝናቡና ከሙቀቱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ግን የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነች ግራራችን ከነጥላዋ እዚያ ውስጥ ትጠፋለች። ቁጥሩም «አረንጓዴ አለ» ይላል እንጂ የምን አረንጓዴ እንደሆነ አይነግርም። ፕሮሶፒስ የወረረው መሬት ሳተላይቱ ዘንድ ጎበዝ ተማሪ ነው። ልጆቹ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ካርታ ሲያዩ «ማን ሄዶ አየው?» ማለት ለምደዋል። ከዓመቱ ሥራ እኔን ደስ ያሰኘኝ ይኸው ነው።

ግንቦት ላይ በአባዱላ ወደ ሐረር ወጣን። የእኛዋ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ ደንገጎን ስንወጣ መስኮት የከፈተው ሁሉ መዝጋት ጀመረ። ሐረር አጠገብ ያለው ሐኪም ጋራ ላይ ቁጭ ብለን ስለ ደስአ ጥብቅ ደን ነገርኳቸው። በሰሜን፣ በትግራይና በአፋር ጠርዝ ላይ ያለ የጥድና የወይራ ደን ነው። ቆመው የደረቁት ዛፎች የሚበዙት ዝቅ ባለው ወገን ነው። ሽቅብ ሲወጡ ይቀንሳሉ። መቁረጡም ግጦሹም እጃቸው አለበት፤ ሙቀትና ድርቅ ሲጨመር ግን መጀመሪያ የሚሸነፈው የታችኛው ጥድ ነው።

አንዱ ልጅ ጋራውን አየት አደረገና፣ «አቦ ቲቸር፣ ደኑ እንዲህ ሽቅብ እየሸሸ ጫፍ ላይ ሲደርስስ?» አለ።

«ከዚያ በላይ መሬት የለማ» አልኩት። ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ ምሳ ተፈታ።

ክረምቱን መለኪያውን የሚያነቡ ሦስት ልጆች ተመዝግበዋል። ደብተሩ ጥበቃ ቤት ነው ያለው።