ግልጽ ደብዳቤ፦ «ኤተ»ን ለፈጠሩልን ኃላፊ

ይድረስ ለመዝገበ ቃላት ዝግጅት ክፍል ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ ክቡርነትዎ። «ኢቪ» (የኤሌክትሪክ መኪና) የሚለው ቃል መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ይግባልኝ ብዬ ሁለቴ በማመልከቻ አንዴ በአካል ሞክሬ መልስ ስላጣሁ ነው አደባባይ የወጣሁት፣ ይቅርታ አልጠይቅም።

ለገሃር አካባቢ ማስታወቂያ ሰሪ ነኝ። 2016 ላይ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ኢቪ በኢቪ ሆኗል። አንድ የፓርኪንግ ባለቤት «ፅሁፉ በትክክለኛው አማርኛ ይሁንልኝ» ሲለኝ እኔ ሞኙ እናንተ ጋ ደወልኩ። «ኢቪ አይባልም፣ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባጭሩ ኤተ ነው፣ አዲሱ መዝገበ ቃላት ላይ የሚገባውም እሱ ነው» ተባልኩ። አምኜ «የኤተ ኃይል መሙያ» ብዬ በትልቁ አተምኩ። በማግስቱ አንዱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አርጎ «ብራዘር፣ እቴ ለማለት ነው?» አለኝ። ዘበኛው እስካሁን ሲያየኝ «ምን አውቄ እቴ» እያለ ይስቃል። ባለቤቱ ግን አልሳቀም፣ ቦርዱን አስነቀለና በራሴ ወጪ «ኢቪ ቻርጅ» ብዬ ድጋሚ ሰራሁለት።

ቢሮዎ ስመጣ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «መዝገበ ቃላት የታክሲ ተራ ወሬ መልቀሚያ አይደለም፣ አህጽሮት ደሞ ቃል አይደለም።» እና ኤተ ምንድናት? ከእርስዎ ጠረጴዛ ስለወጣች ነው ቃል የሆነችው?

ልዩነቱ እኮ ለእርስዎ አይጠፋም። ወ/ሮን ማንም «ወ እዝባር ሮ» ብሎ አያነበውም፣ ወይዘሮ ነው የሚለው፣ ስለዚህ የፅህፈት ማሳጠሪያ ነው፣ መግቢያው ላይ ከነዓ.ም. ጋር ቢዘረዘር ይበቃዋል። ኢቪን ግን ሰው በአፉ ነው የሚለው፣ ኢቪው፣ ኢቪዬን፣ በኢቪ መጣሁ እያለ እንደማንኛውም ስም ያረባዋል። ኤድስም እንዲሁ ነው የገባው፣ ማን ተሰብስቦ ፈቀደለት? ለገሃርስ ቢሆን ፈረንሳዮቹ ላ ጋር ያሉት ባቡር ጣቢያ አይደል እንዴ።

ማመልከቻዬ ላይ ከሜክሲኮ እስከ ቸርችል እየዞርኩ ያነሳኋቸውን ኢቪ የተፃፈባቸው ሰሌዳዎች ፎቶ አያይዤ ነበር፣ መዝገብ ቤት «ፋይሉ አልተገኘም» አሉኝ። የቦርዱን ብር አልጠይቅም፣ ፋይሉ ይፈለግና ኮሚቴው ፊት ይቅረብልኝ። ኤተንም አንድ ሰው ሲላት ከሰሙ ይጥሩኝ፣ እመጣለሁ።

የዛን ቀን ከቢሮዎ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ሳልፍ የእርስዎ ሾፌር በስልክ እያወራ ነበር። «ኢቪዋን ቻርጅ ላይ ሰክቻታለሁ፣ ሀያ ደቂቃ ጠብቀኝ» ነው ያለው።